እትዬ ብርነሽ እና አሥራ ሰባቱ ቀዳዳዎች

ጠዋት ጠዋት፣ ፊቷን እንደታጠበች፣ እትዬ ብርነሽ ዐይኗን ትጨፍንና የቀኝ እጇን ጀርባ የወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ታሳርፋለች። ከበሩ መቃን ጀምራ እስከ መስኮቱ ድረስ ቀስ አድርጋ ታስኬደዋለች። ለሚያያት ሰው ያተኮሰው ልጅ ግንባር የምትዳስስ ትመስላለች። ግድግዳው ምንም የለበትም፤ ከስድስት ዓመት በፊት ራሷ ናት ያስተካከለችው። ድምፃዊ ጉሮሮውን እንደሚያሟሽ እሷ እጇን ታሟሻለች።

«መዳፍን ሥራ ያደነድነዋል» ትላለች። «ዐይን ደግሞ የለመደውን እንጂ ያለውን አያይም። የእጅ ጀርባ ግን እንደ ሕፃን ነው፤ ያገኘውን ይናገራል።»

ከዚያ ባልዲዋን ታነሳለች። ባልዲው ውስጥ አንድ ከረጢት ጀሶ፣ አንድ ጣሳ ስቱኮ፣ ሁለት ስፓቱላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ አለ። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው ግቢያችን ወጥታ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ትይዛለች። ሥራዋ የግድግዳ ቀዳዳ መድፈን ነው። ግንበኛ አይደለችም፤ ቀለም የምትቀባውም ጠባሳ ለመሸፈን ብቻ ነው። ሰው በድሪል በስቶ የተጸጸተበትን ግድግዳ እንዳልተበሳ አድርጋ ትመልሳለች።

ይህ ሥራ እንዴት እንጀራ ይሆናል የሚል ካለ፣ በናይሮቢ የሚኖሩ ያገሬን ሰዎች ሳሎን አላየም ማለት ነው። እኛ ቤት ስንከራይ መጀመሪያ የምናወጣው ፎቶ ነው። የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ በሞት የተለየ አባት ፎቶ፣ ክርስትና የተነሳ ልጅ ፎቶ፤ ሁሉም በትልቁ፣ ሁሉም በመስታወት። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቀዳዳ። በዓመቱ ሌላ ልጅ ይመረቅና ሁሉም ወደ ጎን ይሸጋሸጋል፤ ቀዳዳው ግን አብሮ አይሸጋሸግም። ያን ጊዜ እትዬ ብርነሽ ትጠራለች።

አዲስ አበባ ሳለች አሥራ አራት ዓመት በአንድ ሆስፒታል የጀሶ ክፍል ሠርታለች። ሐኪሙ አጥንቱን ቦታው ከመለሰ በኋላ ፋሻውን ጀሶ እየነከረች የምትጠቀልለው እሷ ነበረች። ናይሮቢ የመጣችው ምግብ ቤት የከፈተች እህቷን ልታግዝ ነው። ወጥ መሥራት አልሆነላትም። «ሽሮዬ እንኳን ይጓጉላል» ትላለች፣ ምንም ሳታፍር። አንድ ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ የብርጭቆ መደርደሪያ ብሎኑን ከያዘው የፕላስቲክ ፊሸር ጋር ተነቅሎ ወደቀና ግድግዳው ላይ ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ ተወ። እህቷ ስትጮህ ብርነሽ ጉድጓዱን ቀረብ ብላ አየችው። «ክፍት ስብራት ነው» አለች። ሄዳ ጀሶ ገዝታ መጣች። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሊበሉ የመጡ ደንበኞች ቦታውን ፈልገው አጡት። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት ግቢ ያላትም የለም።

እንደ ሆስፒታሉ ዘመን፣ መጀመሪያ ታሪክ ትጠይቃለች። መቼ ተበሳ? ማን በሳው? ምን ሊሰቀልበት ነበር? «ይህን ካላወቅሽ ምን እንደተጎዳ አታውቂም» ትላለች። ከዚያ ፊሸሩን ስባ ታወጣለች፤ አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ትጠርጋለች፤ ቀዳዳውን ውሃ ታጠጣዋለች። የደረቀ ግድግዳ የጀሶውን ውሃ ስለሚጠጣበት ጀሶው ሳይይዝ ይቀራል። ስትደፍን ግድግዳውን «አይዞህ፣ አሁን አለቀ» ስትለው ሰምቻታለሁ። የላቪንግተን ሰፈር ዘበኞች «ማማ ጀሶ» ይሏታል። በር ላይ ስትደርስ ስም አይጠይቋትም።

አሁን የምነግራችሁ በፈረንጆቹ 2006፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ የሆነውን ነው። ከሷም፣ ከቤቱ ባለቤቶችም ሰምቼዋለሁ፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ የቀለም ጣሳ ላደርስላት ሄጄ እዚያው ዋልኩ።

ናይሮቢ በሐምሌ ፀሐይ የላትም። ሰማዩ እንደ ራሰ ጋቢ ዝቅ ብሎ ይሰነብታል። ሐሙስ ጠዋት ራሔል የምትባል ልጅ ደወለች። በፍጥነት ነበር የምታወራው።

«እትዬ፣ ዛሬውኑ ድረሺልኝ። ቅዳሜ እናቴ ካገር ቤት ትመጣለች።»

ላቪንግተን ስትደርስ ራሔል ሰባት ወር ያለፈ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ሳትስቂ ግቢ» አለቻት።

«ምን ያስቀኛል?»

«ግቢና እዪው።»

እትዬ ብርነሽ ሳሎኑ መሃል ቆማ ቀስ ብላ ዞረች። አልሳቀችም፤ ቆጠረች። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አምስት። በስተቀኝ ስድስት። በሩ ያለበት ግድግዳ ላይ ሌላ ስድስት። አንዳንዱ ጣት ያስገባል፤ አንዳንዱ መጫሪያ ብቻ ነው፤ አንዱ ከላይ ተነስቶ ወደ ታች እንደ እንባ ወርዷል።

«እዚህ ቤት ተኩስ ነበር እንዴ?»

«ባሌ ነው» አለች ራሔል። «ምሥራቅን ሲፈልግ ቤቱን ወንፊት አደረገው።»

ባልየው ከጓዳ ብቅ አለ። ኢዮኤል ይባላል። ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጊጊሪ ውስጥ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የስብሰባ ዘገባ የሚጽፍ ሰው ነው። ቅንድቡ ላይ ነጭ አቧራ ነበረበት።

«ታሪኩን ንገረኝ» አለችው እትዬ ብርነሽ፣ ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ።

ታሪኩ ይህ ነው። የራሔል እናት ወይዘሮ ሠርክ ለሠርጋቸው ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል ሰጥተዋቸዋል፤ ክፈፉ ከወይራ የተሠራ፣ ባለ መስታወት፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው። «ምሥራቅ ግድግዳ ላይ ስቀሏት» ብለዋል፤ ሌላ ምክር አልሰጡም። ጋብቻውን አልወደዱትም ነበር። ሟች ባላቸው አናጢ ነበሩ፤ የልጃቸው ባል ግን ሚስማር እንኳን የማይመታ የወረቀት ሰው ሆነባቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን ጠርተው አያውቁም። ስልክ ሲደውሉ ራሔልን «ያ ሰውዬሽ ደኅና ነው?» ይሏታል። ታዲያ ባለፈው ግንቦት ሰውዬው ስልኩን ተቀብሎ «እማማ፣ ሥዕሏን በገዛ እጄ ሰቅያታለሁ» አለ። ሥዕሏ በዚያ ሰዓት በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አልጋ ሥር ነበረች።

«አሁን ደግሞ መጡልህ» አለች እትዬ ብርነሽ።

«ሊያርሱኝ ነው የሚመጡት» አለች ራሔል። «እስከ ክርስትናው ይቆያሉ። ሦስት ወር። እሱን 'ሰውዬሽ' እያሉት ሦስት ወር እዚህ ቤት ውስጥ መኖር አልችልም፤ ልጄም ይህን እየሰማ እንዲወለድ አልፈልግም።»

ኢዮኤል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ካወቁብኝ አንዴ ቀለልኩ ማለት ነው፣ እትዬ። ከዚያ ወዲያ የፈለግኩትን ብሆን ልጅ አልሆናቸውም።»

«እሺ፤ አሥራ ሰባት ጊዜ እንዴት ይሳታል? እሱን ንገረኝ።»

«መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን አሰብኩት። የቤተ ክርስቲያን ዋናው በር በምዕራብ አይደል? ስለዚህ ከበሩ ትይዩ ያለው ምሥራቅ ነው አልኩ።»

«ይህ ቤት ቤተ ክርስቲያን ነው?»

«እሱን በኋላ ነው ያሰብኩት። ድሪሉ ደግሞ ድንጋይ ሲያገኝ ይንሸራተታል፤ ሁለት ቀዳዳ ፈልጌ አምስት ሆነ። ከዚያ ሙቱኩን ጠየቅኩት፣ ዘበኛችንን። ፀሐይ በየት ትወጣለች አልኩት፤ አሳየኝ። ጣቴን ወደዚያው ቀስሬ ወደ ቤት ገባሁ።»

«ኮሪደሩ ላይ ሁለቴ ዞሮ ነው የገባው» አለች ራሔል። «ጣቱን እንደቀሰረ። አይቼዋለሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ከቢሮ ኮምፓስ ተዋስኩ።»

«ቴሌቪዥኑ ላይ ነው ያስቀመጠው» አለች ራሔል። «ስፒከሩ አጠገብ። ማግኔቱ ላይ!»

እትዬ ብርነሽ ያን ጊዜ ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዋ ነው የሚስቀው፤ ድምፅ የላትም። ከዚያ ተነስታ ዐይኗን ጨፈነችና የእጇን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሦስቱን የተበሱ ግድግዳዎች ዳሰሰች። አራተኛው ላይ ግን ትልቅ የቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ቆሟል። ቴሌቪዥኑን ዙሪያውን በእጇ ፈትሻ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ክንዷን ሰደደች፤ እዚያ ብዙ ቆየች።

«ምሥራቃችሁ እዚህ ነው» አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ።

«በምን አወቅሽ?» አለ ኢዮኤል።

«ቀዝቃዛ ነው። ታች ቀለሙ ተነፋፍቷል፤ እጅህን አምጣ። እዚህ አገር ነፋሱ ከባሕር በኩል ነው የሚመጣው፤ ከባሕር የሚመጣ ደግሞ ከምሥራቅ ነው። ካፊያውን ተሸክሞ መጥቶ ይህን ግድግዳ ይመታዋል። አሥር ዓመት ቀዳዳ ስደፍን ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርቅልኝ የምሥራቁ ግድግዳ ነው። ለምን ይህን ሳትሞክር ቀረህ?»

መልሱን የሰጠችው ራሔል ናት።

«የዓለም ዋንጫ ነዋ፣ እትዬ! ቴሌቪዥኑ እዚያ ነው ያለው። ምሥራቅ እዚያ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ራሱ አልፈለገም።»

እሑድ ፍጻሜው ነበር። የዲሹ ገመድ አጭር ስለሆነ ቁም ሣጥኑ ከተነሳ ቴሌቪዥኑ ሌላ ቦታ አይሠራም። ኢዮኤል ቁም ሣጥኑን አየ፤ ሚስቱን አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ትከሻውን ሰጠውና ገፋ። እትዬ ብርነሽ ያን ልጅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደደችው።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። ሐሙስ ማታ አሥራ ሰባቱም ጀሶ ጠጥተው አደሩ። ጀሶ ቶሎ ይይዛል፤ ከላዩ የሚቀባው ስቱኮ ግን በሐምሌ አየር ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ የነበራቸው አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ዓርብ ኢዮኤል ከሥራ ፈቃድ ወስዶ የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ ይዞ ቆመ።

«ጠጋ አታድርገው፤ ይሰነጠቃል» ትለዋለች እትዬ ብርነሽ። «የሕፃን ፀጉር የምታደርቅ አድርገህ ያዘው።»

«ተለማመድ» ትላለች ራሔል ከሶፋዋ ላይ። «በነሐሴ ያስፈልግሃል።»

ቀኑን ሙሉ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሲዞር ዋለ። እትዬ ብርነሽ ከኋላው እየተከተለች በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፤ በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች፤ «ገና» ትላለች። «ገና» ያለችው ሁሉ እንደገና ይደርቃል። ከመጋረጃው ኋላ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የቀለም ቅርፊት ልጣ መሃል ከተማ ወዳለ የቀለም መደብር ወሰደችና ነጩን ከቢጫው እያስመጠነች አስቀላቀለች። ቀለም በቀዳዳው ላይ ብቻ ከተቀባ የፈንጣጣ ጠባሳ ይመስላል። ከጥግ እስከ ጥግ ነው የምትቀባው። የመጨረሻው ጣሳ ቅዳሜ ማለዳ ነው የደረሰው፤ ያን ነው እኔ ያደረስኩት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስቱ ግድግዳዎች እንደ እንቁላል ቅርፊት ሆነው ነበር። ሥዕሏ ግን ገና አልተሰቀለችም። ኢዮኤል ድሪሉን ይዞ የምሥራቁ ግድግዳ ፊት ቆሞ ወደ እትዬ ብርነሽ ዘረጋው።

«አንቺ ብሺልኝ፣ እትዬ።»

«እኔ በስቼ አላውቅም። በሕይወቴ ድሪል ይዤ አላውቅም። ና።»

ከቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር አወጣችና በእርሳስ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ በመስቀል ቅርጽ ለጠፈችው። «ይህ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። አሁን ሚስማር አምጣና በትንሹ ውጋው። ቀስ። ጎሽ።» ከዚያ ከኋላው ቆማ ክርኑን ከሥር ደገፈችው። የጀሶ ክፍል ውስጥ የተሰበረ ክንድ የምትይዘው እንዲህ እንደነበረ ነግራኛለች። «አትግፋው። ራሱ ይሂድ።»

አሥራ ስምንተኛው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ገባ። አሥራ ዘጠነኛውም ከጎኑ ገባ። ፊሸሩ ተመታ፤ ብሎኑ ታሰረ፤ ሥዕሏ ተሰቀለች። ሁላችንም ወደ ኋላ ስንሸሽ ራሔል ከውጭ ጮኸች። ሮጠን ወጣን። ደመናው ተከፍቶ ለአሥር ደቂቃ ያህል ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ የዚያው ግድግዳ የውጭ ጀርባ ከላይ እስከ ታች በርቶ ቆሟል። ሙቱኩ ከበሩ ላይ «ነግሬው ነበርኮ!» አለ በስዋሂሊ። ራሔል ሆዷን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች።

ወይዘሮ ሠርክ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ረዥም ናቸው፤ በነጭ ነጠላ ውስጥ እንደ ጧፍ ቀጥ ብለው የሚቆሙ። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ ለኢዮኤል እጃቸውን ሰጡት። በቀጥታ ወደ ሥዕሏ ሄዱ፤ አማተቡ፤ ተሳለሙ። ከዚያ የአናጢ ሚስት ናቸውና ክፈፉን በሁለት ጣታቸው ነቅነቅ አደረጉት። አልተነቃነቀም።

«ማን ነው የሰቀላት?» አሉ።

«እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። እውነትም ነው። እትዬ ብርነሽ ጥግ ላይ ቆማ እንዲህ እንዲል እየጸለየች ነበር። ኢዮኤል ግን መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ዛሬ ጠዋት ነው የሰቀልኳት። በግንቦት ሰቅያታለሁ ያልኩዎት ውሸት ነበር። ምሥራቁንም አላውቀውም ነበር። በእነዚህ ሦስት ግድግዳዎች ላይ አሥራ ሰባት ጊዜ በስቼ ተሳስቻለሁ። ይህን ሳያውቁ ከእኔ ጋር እንዲቀመጡ አልፈለግኩም።»

ወይዘሮ ሠርክ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አደረጉ። ወደ መጀመሪያው ግድግዳ ሄዱ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ሦስተኛውን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት።

«የታለ?»

«እዚህ ጋር ነበር» አለ ኢዮኤል። ጣቱን ሰደደ፤ አጣው። «ወይም እዚህ ጋር። እትዬ ብርነሽ ናት የደፈነችው።»

«አንቺ፣ አንዱን አሳዪኝ እስቲ።»

እትዬ ብርነሽ ቀረበች። እሷም የእጇን ጀርባ አስኬደች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ኩራት፣ ቀጥሎ ድንጋጤ አየሁ። «አላገኘውም፣ እመቤቴ» አለች።

«እንግዲያው ጫር ጫር አድርጊና አሳዪኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው! የዳነ እግር ለማሳየት አይሰበርም።»

ወይዘሮ ሠርክ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አጠፉት። «አሥራ ሰባት ጊዜ የሚሳሳት ወንድ አልተፈጠረም» አሉ። «ገና ከመግባቴ እየተሾፈብኝ ነው። ራሔል፣ ሰውዬሽ ቀልደኛ መሆኑን አልነገርሽኝም ነበር።»

ምሳው የጾም ነበር፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንደ ጎመን የተሠራ ሱኩማ የሚባል ያገሩ ቅጠል። ራሔል እናቷን ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተወችው። ኢዮኤል እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም። እትዬ ብርነሽን ግን ያን ያህል አዝና አይቻት አላውቅም። በሥራዋ ማንም እንከን አያገኝም ነበር፤ አሁን ያ እንከን አልባ ግድግዳ የልጁን እውነት ውጦ ቁጭ ብሏል። ልጁ ካመነ በኋላ ውሸታም ሆነ።

ከምሳ በኋላ ራሔል ጋደም አለች። ኢዮኤል የሚገዛ ነገር አለ ብሎ ወጣ፤ እንዲሁ ከፊታቸው ዞር ለማለት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሲመለስ ግን ወይዘሮ ሠርክ በስሙ ጠሩት፤ ስሙ ላይም ሌላ አንዲት ቃል ጨመሩለት። እሑድ ማታ የዓለም ዋንጫውን ፍጻሜ ዘበኛው ቤት በትንሿ ቴሌቪዥን ሦስቱም አብረው አዩ፤ ኢዮኤል፣ ሙቱኩና ወይዘሮ ሠርክ። ልጁ በነሐሴ መጨረሻ ተወለደ። ፋኑኤል አሉት። ስሙን ያወጡት አያቱ ናቸው፤ ከማውጣታቸው በፊት አባቱን አስፈቅደዋል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲያወራ የምሰማው፣ እትዬ ብርነሽ ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ሠርክን አስቀምጣ በጥሩ አንደበት አስረዳቻቸው፣ እሳቸውም ገባቸው የሚል ነው። እትዬ ብርነሽም እንዲሁ እንዲጻፍ ነው የፈለገችው። ይህን ስጽፍ ወጥ ቤቷ ቁጭ ብዬ እየቆራረጥኩ አነበብኩላት። ስለ ሽሮዋ የጻፍኩትን እንኳን «ተዪው፣ እውነት ነው» አለች። አንዲት ነገር ብቻ አውጪ አለችኝ። «የሙያዬን ክብር ታጠፋብኛለች። የእሳቸውንም ጨዋነት።»

ወይዘሮ ሠርክን ስልክ ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ጻፊው» አሉኝ። «ስሜንም እንዳትቀይሪ።» ለእትዬ ብርነሽ ይህን ስነግራት ትከሻዋ ሳቀ፤ ግን እሺም እምቢም አላለችኝም። ስለዚህ ይኸው።

ከምሳ በኋላ እትዬ ብርነሽ ድሪሉን ከነገመዱ አንስታ ወይዘሮ ሠርክን «እመቤቴ፣ አንዴ ይምጡ» አለቻቸው። ቤቱ ኋላ የድንች ጆንያና አሮጌ ፍራሽ የሚቀመጥበት ስቶር አለ። በሩን ከውስጥ ዘጋችው። እኔ ከበሩ ውጭ ሰሐን አጥብ ነበር።

«አንድ ቀዳዳ በዚህች የእርሳስ ምልክት ላይ እበሳለሁ» ስትል ሰማኋት። «ካልሳትኩ ልጁ ውሸታም ነው።»

ድሪሉ ጮኸ። እትዬ ብርነሽም ጮኸች። ድሪሉ ቆመ።

«ይህ ምን ይባላል?» አሉ ወይዘሮ ሠርክ። «ምልክቱ እዚህ፣ ቀዳዳው እዚያ!»

«ያንሸራትታል አላልኩዎትም?»

«አያያዝሽ ነው። አምጪው ወዲህ፤ ሠላሳ ዓመት ከአናጢ ጋር የኖርኩ ሴት ነኝ።»

እንደገና ጮኸ። የሆነ ነገር ፍርስርስ ብሎ ወደቀ። ቀጥሎ ሳቅ ሰማሁ፤ አንዱ ድምፅ የሌለው፣ ሌላው ግን ሁለት ዓመት ታፍኖ የቆየ የሚመስል። «ቆይ፣ አሁን ይገባኛል።» «ቆይ፣ ተራዬ ነው።» «ነጠላዎን ይሰብስቡት፣ ይጠመጥመዋል!» «አንቺ ልጅ፣ ይህ መሣሪያ ያባልጋል እኮ!» እየተፈራረቁ ዘጠኝ ጊዜ በሱ። ከዘጠኙ አንዱም ምልክቱ ላይ አላረፈም። እትዬ ብርነሽ ዘጠኙንም እስከ ዛሬ አልደፈነቻቸውም፤ ወይዘሮ ሠርክ ከለከሏት።

የግቢው በር ሲከፈት ወይዘሮ ሠርክ ስቶሩን በርግደው ወጡ። ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም ነጭ አቧራ ለብሷል፤ ድሪሉን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ዳቦ ይዞ የቆመውን ሰው አዩትና ግቢው እስኪሰማ ተጣሩ።

«ኢዮኤል፣ ልጄ! ና፣ ይህን ነገር እንዴት እንደሚይዙት አሳየን!»